ምትኩ አይባልም

ዲላ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለገሪማ፣ ባለህበት አገር፤

በሰው ፊት አንቱ እልህ እንደነበር ታውቃለህ። እናትህ ጓዳ ስትገባ ግን አንተ ነበርክ። እዚህ ወረቀት ላይ ከኔና ካንተ በቀር ማንም የለምና ዛሬም አንተ ልበልህ። እንዴት ከርመሃል? ትኩሳቱ ለቀቀህ? እኔም እናትህም እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ቤቱም አለ፤ ከጓሮ የተከልከው እንሰት ከአጥሩ በላይ ሆኖ ጎረቤት አያሳየንም። ደግሞ አንድ ሰው ጨምረናል።

ወልደናል ገሪማ። ወንድ ነው። አንተ በኅዳር ጣሊያን ሊገባ ሲል ከጉምሩክ ባልንጀሮችህ ከነተሻለ ጋር ስትወጣ እኔም አላወቅሁ፤ ያወቅሁት በጥምቀት ሰሞን የወጥ ሽታ አላስቀምጥ ሲለኝ ነው። እናትህ ቀድማኝ አውቃ ኖሯል። «አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን አይደለሽም» ብላኝ ስትስቅ እኔ ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። የተወለደው በኪዳነ ምሕረት ዕለት ፍልሰታ ሲፈታ ነው፤ ጣራው ሊወርድብን እስኪመስል ይዘንብ ነበር። ግንባሩ ያንተ ነው፣ ጆሮው ያንተ ነው። ቁጣው የኔ ነው ይላሉ፤ እኔ አልተቀበልኩም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ስሙ ነው። በስሙ ምክንያት እናትህና እኔ ተኳርፈን ከርመናል። አንተ ብትኖር በአንድ ቀልድ ትጨርሰው የነበረ ነገር ነው፤ የሌለኸው አንተ ሆንክና ነገሩም ያው ባለመኖርህ መጣ።

ጉምሩክ ጸሐፊ በነበርክ ጊዜ ሌላው ባል ከገበያ ሥጋ ይዞ ሲገባ አንተ ስም ይዘህ ትገባ ነበር። ጎረቤቶቼ «የየሺሃረግ ባል ዛሬ የማንን ስም አመጣ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ እናደድ ነበር። አሁን ያ መናደዴ ራሱ ይናፍቀኛል። ገና ጫማህን ሳታወልቅ ትጀምራለህ። ከይርጋጨፌ ቡና የሚጭነው ግሪክ፣ በነሱ አገር የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል ብሎህ፣ ወንድማማቾቹ ሁሉ ያኒ ያኒ እያሉ ወልደው፣ አያትየው «ያኒ!» ስትል የልጅ መንጋ መጥቶ ሊጧን ደፋባት ብለህ ጎኔን እስኪያመኝ አሳቅኸኝ። ዓረቡ ጨው ነጋዴ ደግሞ ልጅ የወለደ ለት የገዛ ስሙን ጥሎ «የሳሊም አባት» ካላላችሁኝ አልሰማም ብሎ በር ላይ አቁሟችሁ ዋለ። አርመኑን ልብስ ሰፊማ አልረሳውም። የአገሩ ሰው ስም ሁሉ «ያን» ብሎ ነው የሚያልቀው ስትለኝ፣ «ይኼንንስ ለማን ተዉት?» ብዬህ አንተ ራስህ ስትሥቅ ትን አለህ። እኔ በሙሽርነት ዲላ ከገባሁ ወዲህ ከወናጎ ያለፈ አገር አላየሁም፤ ያንን ሁሉ አገር ያዞርከኝ በሰው ስም ነው።

አንድ ማታ «የነሱ ስም ይወረሳል፣ የኛ ስም ያወራል» አልከኝ። «የአንድ ሰው ስም ከነገሩኝ እናቱ በዚያ ሳምንት ምን ስታስብ እንደነበር እነግርሻለሁ።» ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን እሱ ሆነ። እናትህ እታገኝ የተባለችው እህት አጥታ በወንዶች መሀል ያደገች እናት ስለወለደቻት ነው። ተሻለ ደግሞ በሆዷ ሳለ እናቱ ታማ ኖሮ፣ እሱ ሲወጣ ተሻላት። የኔን ስም ስትፈታ፣ «አባትሽ መሪጌታው ሐረግ በሐረግ ላይ የሚሳብ ዘር ተመኝቷል፤ እንግዲህ አታሳፍሪው» ብለህ አሳፈርከኝ። ሦስት ዓመት ሳልወልድ ስቀመጥ ያቺን ቀልድ ደግመህ አላነሳሃትም። ያኔ ምንም አላልኩህም እንጂ አይቼልሃለሁ።

አሁን ዲላ ውስጥ ስም ራሱ ፈሪ ሆኗል። ዘውዴና መንግሥቱ የሚባሉትን እናቶቻቸው ደጅ ላይ ሲጠሯቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አዲስ የሚወለደውማ ግማሹ ታገሠ፣ ግማሹ ተስፋዬ ነው። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሴት ልጁን ሮማ ብሎ አለቆቹን ደስ አሰኘ፤ ሚስቱ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ «ሮማነወርቅ ነው፣ ሮማነወርቅ» እያለች በየሰዉ ጆሮ ታንሾካሹካለች። ወናጎ ደግሞ አንዲት ወይዘሮ ልጇን ያልፋል አለችው። ሹሙ ሰምቶ ምን ማለት ነው ብሎ ቢያፋጥጣት ያው አስተርጓሚ «መንገዱ በደጃቸው ያልፋል ማለት ነው፣ ጌታዬ የሚያሠሩትን መንገድ ወደው ነው» አለላት። ሹሙ ደስ ብሎት ለሕፃኑ ከረሜላ ሰጠው። የአራስ ልጅ ከረሜላ ምን ያደርግለታል፤ እናትየው በላችው አሉ። በኛ ሰፈር የሚጠብቀው ወታደር ደግሞ ያየውን ልጅ ሁሉ «ማሪዮ» ነው የሚለው። የኛንም አንድ ቀን ማሪዮ ብሎት እናትህ ምራቋን ትፍ ብላ ግንባሩን ጠረገችው።

ስም እስኪወጣለት ሁሉም በየቋንቋው ጠራው። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ሚስት ሀጅራ የእገሌ እናት ብላ ልትጠራኝ ፈልጋ እገሌው ስም ስለሌለው ተቸገረች። «እኛ በሰባተኛው ቀን ሰይመን እንገላገላለን። እናንተ ምን ሆናችሁ ነው ሕፃኑን ያለ ስም የምታንከራትቱት?» ትላለች። ቆጮ የምታመጣልን ጌዴኦዋ ደግሞ ጤና አለችው። እናትህ «ጤና ያድርገው፣ አፍሽ ይባረክ» ብላ መረቀቻት። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ በነሱ ቋንቋ ጤና ዝናብ ነው። ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን ይቺው ሴት በአጥር ላይ «ጤና! ጤና!» እያለች ስትጮህ እኔ «ይስጥልኝ፣ ጤና ይስጥልኝ» እያልኩ እጅ ስነሳ፣ ያሰጣሁት በርበሬ በዝናብ ታጥቦ እንደሄደ አንተ መቼም አትረሳውም። ለአንድ ወር «ጤና ይስጥልኝ» ባልኩህ ቁጥር ወደ ሰማይ ታይ ነበር።

እንዲህ በሳቅ ሳለን ነው ተሻለ የመጣው።

መስከረም ከገባ በኋላ ነው፤ ልጁን ደጅ ፀሐይ ሳሞቀው አንድ የቡና ተሸካሚ የሚመስል ሰው አጥሩ ጋ ቆመ። ከመክሳቱ የተነሣ አላወቅሁትም። «የሺ» ሲለኝ ግን በድምፁ ለየሁት። ዘልዬ ተነሣሁ፤ ከኋላው አንተን ነበር የማየው። ልጁን አይቶ፣ «የገሪማ ነው?» አለኝ።

«የማን ሊሆን ኖሯል ታዲያ?» አልኩት እየሳቅሁ።

ጎንበስ ብሎ ግንባሩን አየና፣ «እግዜር መቼ ይረሳል! ምትኩን ሰጣችሁ» አለ።

ከዚያ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እናትህ ከውስጥ ሰምታለች። ስትወጣ አልጮኸችም፤ «የማንን ምትክ ነው ያልከው? ተሻለ፣ የማንን ምትክ?» እያለች ቀስ ብላ ነው የመጣችው። ተሻለ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። አየህ ገሪማ፣ መርዶ እንኳ በወጉ አልተነገረንም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር ተንኳክቶ አይደለም። በአንዲት ስም ከአፍ አመለጠ።

የነገረን ይህን ነው። የዳዋን ወንዝ እንደተሻገራችሁ ወባ ጣለህ። ጣሊያን ይከታተላችሁ ስለነበር አንተን አንድ ቦረና ቤት አስተኝተው፣ ወደ ኬንያ የሚያሻግር ሰው ሊፈልጉ ሄዱ። ተሻለ ተመልሶ ሲመጣ መደቡ ባዶ ነው። የት ደረሰ ብሎ ቢጠይቅ የቤቱ ጌታ በአንድ ቃል መልሶለት ከብቶቹን ይዞ ሄደ። ቃሉ «ዱኤ» ነው ይላል ተሻለ። ሞተ ማለት ነው። መቃብርህን አላየም። አስከሬንህን አላየም።

እኔ ደግሞ ጠየቅሁ። ቆጮዋን ሴት የጉጂ ዘመድ ስላላት ኦሮምኛ ታውቃለችና በቦረና አፍ ሄደ ምን ይባላል አልኳት። «ዴሜ» አለችኝ። ዴሜ። ዱኤ። ደጋግማ እንድትልልኝ ለመንኳት፤ አለችልኝ። ለኔ ጆሮ ይመሳሰላሉ። ዝናብን ጤና ብዬ የሰማሁ እኔ ነኝ፤ ተሻለ ደክሞት፣ ርቦት፣ ልቡ ፈርቶ፣ ዴሜን ዱኤ ብሎ ቢሰማ ምን ይደንቃል? ተሻለን ታውቀዋለህ፤ ጉምሩክ ሳላችሁ ኦሮምኛ የሚያስተረጉምለት አንተ አልነበርክም? ይህንን ስነግራት ሴትየዋ ያን ቀን የቆጮውን ገንዘብ አልቀበልም ብላ ሄደች። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እናትህ ነጠላዋን ጥቁር ነከረች። ልጁንም በዚያው ቀን ምትኩ ማለት ጀመረች። አባት በሌለበት ስም የምታወጣ የአባት እናት ናት፣ ይህንን አልክድም። ግን ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ የሚባሉ ስሞች የሚወጡት ሬሳ ከወጣበት ቤት ነው። ከኛ ቤት ምን ወጣ? አንተ ስንቅህን ይዘህ በእግርህ ነው የወጣኸው።

«ምትኩ አይባልም» አልኳት።

«ማን ሊባል ነው?»

«መልሰው።»

መልሰው፣ አልኳት፤ ደጅ ላይ ቆሜ ስጠራው ሰው ልጇን ጠራች ይላል፣ እኔ ግን እግዚአብሔርን እየለመንኩ ነው። መልሰው! ወንዝ ዳር ብሆን መልሰው፣ ገበያ ብሆን መልሰው። የጣሊያን አስካሪ ቢሰማኝ ምን ይለኛል? ምትኩ ያልነው እንደሆነ ግን ለወተት በጠራነው ቁጥር መርዶ ልንረዳ ነው።

እናትህ መጀመሪያ በቁጣ መለሰችልኝ። «እኔ ነኝ ያማጥኩት! ልጄን ሳላለቅስለት ልታስቀሪኝ ነው?» አለች። ቁጣዋን ቻልኩት። አንድ ጠዋት ግን ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ተረጋግታ፣ እንዲህ አለችኝ፤ «ካልመጣስ የሺ? ይኼ ሕፃን ዕድሜውን ሙሉ ያልተሰማ ጸሎት ተሸክሞ ይኑር? አድጎ የስሙን ትርጉም ሲጠይቅሽ ምን ልትይው ነው?»

እኔ ግን ጮኽኩባት። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ሀጅራ በአጥር ብቅ ብላ «ኧረ ስለ አላህ፣ ልጁ ስም ሳይሆን እንቅልፍ ነው የሚፈልገው» አለች። ከዚያ ወዲህ እናትህና እኔ ስንነጋገር ወደ ሕፃኑ እያየን ሆነ። እሷ «ምትኩ፣ እናትህ እንጨት ታምጣ በላት» ትላለች፤ እኔ «መልሰው፣ እንጨቱ መጥቷል በላት» እላለሁ። የታመነበት መልእክተኛ ሆኖልን ነበር።

ከመስቀል በኋላ አርባው ሞላና ክርስትና ተነሣ። አባ ጽጌማርያም ገብረኪዳን አሉት፤ በተወለደበት ቀን ስለሆነ በዚያ የተጣላ የለም። ጭቅጭቁ ያለው በቤት ስሙ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በር ስንወጣ ሰው ሁሉ «ማን አላችሁት?» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ልጁን የምትይዘው እሷ ስለሆነች መልሱም የሷ እንደሚሆን አውቀዋለሁ። እዚያ ከተናገረችው ዲላ በሙሉ ይሰማዋል፣ አለቀ፤ የሰው አፍ አይመለስም። ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት ልለምናት ቆርጬ ጓዳ ብገባ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ አገኘኋት። ጥቁሩ ተጣጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ሳልለምናት ወጣሁ።

በሩ ላይ እንዳሰብኩት ከበቡን። «እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ስሙን ማን አላችሁት?»

እናትህ ልጁን ከፍ አደረገችና «መልሰው» አለች። «መልሰው ገሪማ። አባቱ እስኪመጣ እኔ ነኝ ያወጣሁለት።»

እልል አሉ። አንዳንዶቹ ጥቁር ለብሳ ያዩዋት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እኔ አሸነፍኩ፤ አየህ፣ የፈለግሁት ሆነ። ግን እናትህ ወደኔ አላየችም። በጠና ለታመመ ሰው የጠየቀውን ሁሉ እሺ እሺ ይሉት የለ? እንደዚያ ነው እሺ ያለችኝ። ስትጣላኝ፣ ስትጮህብኝ ገና ያልታወቀ ነገር አለ ብዬ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚሟገተው ነገሩ ባይለይ ነው። እልልታው መሀል ከተሻለ ወሬ ይልቅ፣ ከዚያ ቦረና ቃል ይልቅ፣ የእናትህ ነጭ ነጠላ አስፈራኝ። መንገድ ላይ ወደ ኋላ ስቀር ተመልሳ ክንዴን ይዛ የደገፈችኝ እሷ ናት። እኔ ልደግፋት የሚገባኝ!

አሁን ቤታችን ሰላም ነው። በፊቴ መልሰው ትለዋለች። እንጨት ለቀማ የወጣሁ ሲመስላት ግን ጀርባዋ ላይ አዝላው እሹሩሩ ስትል ስሙን ትለውጣለች፤ ከአጥር ውጭ ቆሜ ሰምቻታለሁ። አልተቆጣኋትም። ኮቴዬን አሰምቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው የምገባው።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ፤ ለሌላ ለማንም አልናገረውም። ትናንት ረፋድ ላይ ልጁን ሳጥበው ማንም አልነበረም። ውሃው ሞቆለት፣ እግሩን እያንቦጫረቀ፣ ያንን ያንተን ግንባር ቋጥሮ ሲያየኝ ከአፌ ወጣ። ምትኩ አልኩት። ሳላስበው ነው። ቀና ብሎ አየኝና፣ ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀልኝ፤ መልሰው ስለው እንዲያ ስቆልኝ አያውቅም። ያኔ እዚያው ውሃው ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እስከ ዛሬ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ።

ተቆጣኸኝ? ከተቆጣህ መጥተህ ተቆጣኝ። ደጅ ላይ ቆመህ «ማነው ልጄን እንዲህ ያለው?» በለኝ፤ ስሙን በዚያች ሰዓት እለውጠዋለሁ። የፈለግኸውን አውጣለት፣ የግሪኩንም ይሁን ያርመኑን፤ ያኒ በለው፣ ማሪዮም በለው፣ ግድ የለኝም።

ተሻለ ከነጋዴዎች ጋር ነገ ወደ ሞያሌ ይወርዳል። ደብዳቤ አለኝ፣ ትወስድልኛለህ? ብዬ ስለምነው እጁን ዘረጋ። ለማን እንደሆነ አወቀ። የት ላድርሰው ብሎ ግን አልጠየቀኝም።

እናትህ ጉልበትህን ትስማለች፣ እናት የልጇን ጉልበት አትስምም ብላት እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ሀጅራም ሰላም ብላሃለች። ልጅህ ገብረኪዳን እጅ ይነሳሃል።

ብዙ መንገድ ሄደህ ደክመሃል። ልጅህን እኔ እይዘዋለሁ፣ እናትህንም እኔ እጦራለሁ፤ በኛ አታስብ። እግዚአብሔር ባለህበት ያሳርፍህ።

ሚስትህ የሺሃረግ